በሙሉ ድምፅ የፈረሰው ስታዲየም

እርጥብ በርኖስ የደረበ ሰው አጠገቤ ባይቀመጥ ኖሮ ይህን ነገር እንደ ያዝኩት እቀር ነበር። ባለፈው ወር ነው። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ከቆርቆሮው ሥር ተጠልያለሁ። ከመሐል ሜዳ የመጣው አውቶቡስ ቆመና አንድ ጎልማሳ ወረደ፤ ጥቁር በርኖሱ ውሃ እያንጠባጠበ ጎኔ ዘፍ አለ። የበግ ጠጉር ሲረጥብ የሚሸተውን ሽታ መንዝ ላላደገ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ሌላው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን ጠጋ አልኩት። ድሮ በስታዲየማችን ደረጃ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ በርኖሱን ደርቦ፣ በካፊያ ተቀምጦ ኳስ ሲያይ ሜዳው የሚሸተው እንዲህ ነበር። «ከመሐል ሜዳ ነህ ወንድሜ?» አልኩት። «አዎ አባባ» አለኝ። «የስታዲየሙ ቦታ እንዴት ሆነ?» ብለው ግንባሩን ቋጠረና «የቱ ስታዲየም?» አይለኝም! በሉ እንግዲህ። የት እንደ ነበር አስረዳሁት። «እ... ያ ድንጋይ የተከመረበት ሜዳ? እሱማ እንዳለ ነው፤ በግ ይግጥበታል» አለና ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። ቤቴ ገብቼም ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

መሐል ሜዳ ስታዲየም ነበራት ብል የአዲስ አበባ ሰዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ! የእነሱን አይቼዋለሁ፤ ትልቅ ነው፣ ግን ማን እንደ ገነባው የሚነግረኝ ተመልካች አንድም አላገኘሁም። የእኛን ማን የትኛውን ድንጋይ እንደ ተሸከመ ሳይቀር እናውቅ ነበር። በአንድ በኩል ስድስት እርከን ያለው የጥርብ ድንጋይ ደረጃ፣ በሦስቱ በኩል የአፈር ክምር፣ ከደረጃው ሥር ደግሞ ተጫዋቾች ልብስ የሚለውጡባት አንዲት ጠባብ ክፍል። ይኸው ነው። ደረጃው ጣራ ስለነበረው «ጥላ ፎቅ» እንለው ነበር፤ ስሙን ያመጣልን ከአዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጣራው መጀመሪያ የጓሳ ሣር ነበር፣ ኋላ ቆርቆሮ ሆነ። የተሠራው በንጉሡ ጊዜ፣ በደቦ ነው፤ እያንዳንዱ ደብር በየተራው ሰው እያወጣ፣ ቄሱም ዲያቆኑም ሳይቀር ድንጋይ እየተሸከመ። ግንበኛው ጋሽ ደጀኔ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ሲሚንቶ እንደ መድኃኒት በሚሰፈርበት ዘመን ድንጋዩን ከድንጋይ አነካክሰው ነው ያቆሙት። እኔ እዚያ ስደርስ ሥራው ካለቀ ቆይቷል፤ ለእሳቸው ግን አላለቀም። መዶሻቸውን ይዘው በየእርከኑ እየዞሩ ድንጋዩን ቆርቆር፣ ቆርቆር ያደርጉና ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ያዳምጣሉ።

እኔ የሞላሌ ልጅ ነኝ። መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ተመድቤ ስመጣ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት፣ ሀብቴ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ። ሸራ ጫማውን በሦስት ብር ነው የገዛሁት፤ «በዚህ ብር ጠቦት አይገዛም ነበር?» እያለች እናቴ ወር ሙሉ ተቆጭታለች። ቁመቴን አይተው በረኛ አደረጉኝ። ኳሳችን አንዲት ናት። ቆዳዋ እንዳይደርቅ ሞራ እንቀባታለን፣ ከመነዳሪዋ ሲተነፍስ ብስክሌት ጠጋኙ ጋ ይዘናት እንሮጣለን፤ እስክንመለስ ጨዋታው ይቆማል፣ ሕዝቡም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። መግቢያ ስሙኒ፣ ጥላ ፎቅ ሽልንግ። በር ላይ የባቄላ አሹቅ በስኒ አምስት ሳንቲም፣ ጠላ በጣሳ አሥር ሳንቲም። ከሞላሌ ጋር የተጫወትን ዕለት መከራዬ ነው። «ለአገሩ ልጆች ይለቅላቸዋል» እያሉ ያሙኛል፤ ከጎሉ ጀርባ ቆመውም እያጨበጨቡ ያዜሙብኛል፦

በረኛው መምህር እጁ ረጅም ነው፣
የሞላሌ ኳስ ግን ሲያልፍ ነው የሚያየው።

አንድ ጊዜ እውነትም አመለጠችኝ፤ በእግሬ መሃል። ሰው ሁሉ ሲሰድበኝ መልበሻ ክፍሏ ድረስ የመጡት ጋሽ ደጀኔ ብቻ ናቸው። «እኔም ስንት ድንጋይ ከእጄ አምልጦኛል፤ ተነስ በል፣ ይበርድሃል» አሉና በርኖሳቸውን አወለቁልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው ሰው ሆንኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ መስመር ይሰመራል። ኖራ ከየት ይምጣ! በምድጃ አመድ ነው። ሴቶቹ የሳምንት አመዳቸውን በቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ፣ ጋሽ ደጀኔ በወንፊት ነፍተው፣ ገመድ ወጥረው ያሰምሩታል። እሑድ ነፋስ ሲነሳ ግማሹ መስመር ይጠፋል፤ ኳሷ ወጣች አልወጣችም ተብሎ ዳኛና ሕዝብ ሲነታረክ ጋሽ ደጀኔ «ወጥታለች!» ካሉ አለቀ፣ ዳኛው ራሱ ፊሽካውን ይነፋል። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ኳሱ ይቀርና ጉግስ ይሆናል፤ ከጓሳ በኩል የመጡት ፈረሶች ሜዳውን አርሰውት ይሄዳሉ፣ እሳቸው ሳምንት ሙሉ ሲደለድሉ ይሰነብታሉ። አቤት የሰዉ አለባበስ! ባላገሩ ጋቢውን በጥቁር በርኖስ ሸፍኖ፣ የከተማው ጎረምሳ በዚያ ብርድ ቴትሮን ሱሪ አጥልቆ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ትልቁን ሬዲዮውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ እስከ ገበያው የሚሰማ ክራር እያስደመጠ። አስካለን ያየኋት እዚያ ነው። አራተኛው እርከን ላይ፣ አረንጓዴ ሻሽ አስራ አሹቅ ስትቆረጥም። አስካለ ሚስቴ ናት፤ «ሻሹ ሰማያዊ ነበር» ትላለች። ይሁንላት። ዛሬ እዚህ ደብረ ብርሃን ጎረምሶቹ ሻይ ቤት ተሰብስበው በዲሽ የእንግሊዝ ኳስ ያያሉ፤ አንድም ቀን በአካል ለማያገኙት ሰው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ይጮኻሉ። አልፈርድባቸውም። እኛ ግን እሑድ ጎል ያገባልንን ሰው ሰኞ ወፍጮ ቤት እህል ሲያስፈጭ እናገኘው ነበር።

መንግሥት ተለወጠ፣ ደግሞ ተለወጠ። ሜዳው አንድ ሰሞን ወታደር ሰፈረበት፣ አንድ ሰሞን የእርዳታ ስንዴ ተከመረበት። ትምህርት ቤቱ የራሱን ሜዳ አስጠረገና ኳሱም ወደዚያ ሄደ። አንድ የካቲት ነፋስ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ወሰደው፤ የሚመልሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ስታዲየሙ የበግና የዝናብ ሆነ። ጋሽ ደጀኔ ግን አልለቀቁትም። ሚስታቸው ሞቱባቸው፤ አንድ ልጃቸውም ቤቱን ሸጦ አዲስ አበባ ገባ። እሳቸው አልጋቸውንና ሳጥናቸውን አሸክመው ከደረጃው ሥር ያለችው መልበሻ ክፍል ገቡ። ማንም ይግቡ አላላቸውም፤ ማንም ይውጡም አላላቸውም። በየክረምቱ ስንጥቁን በጭቃ ይደፍናሉ፣ በየመስከረሙ ከእርከኑ ላይ ሣሩን ይነቅላሉ። ደመወዝ የለ፣ ምስጋና የለ። «ለማን ብለው ነው የሚደክሙት ጋሼ?» ስላቸው «ምን ልሥራ ታዲያ? ተኝቼ ሲፈርስ ልየው?» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ የመናኸሪያው ነገር መጣ። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ ይፍረስ ያሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አውቶቡሱ የሚቆመው ገበያው መሃል ነው። በክረምት ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል፤ ምጥ የጠናባት ሴት ደብረ ብርሃን ለመሄድ ዝናብ ላይ ቆማ መኪና ስትጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ከከተማው ውስጥ ለጥ ያለ የመንግሥት ቦታ ያ ብቻ ነው፣ ድንጋዩም ለአጥር ይሆናል ተባለ። በዚያ ላይ ከላይኛው እርከን አንድ ድንጋይ ተንሸራቶ የአንዲት ሴት በግ ገድሏል። ይቆይ የምንለው ደግሞ የአባቶቻችን ድካም ነው እንላለን፣ ሽማግሌውስ በዚህ ዕድሜያቸው የት ይውደቁ እንላለን። መፍትሔውን ያመጡት ጋሽ ደጀኔ ራሳቸው ናቸው። በትራቸው መሬት ላይ ጭረው አሳዩኝ፤ አውቶቡሱ በዚህ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል፣ ሰዉ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ጣራ ማልበስ ብቻ ነው። «ላይኛውን እርከን እኔው አጠብቀዋለሁ» አሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። «ስብሰባው ላይ መጥተው ይንገሯቸዋ!» አልኳቸው። «ሰው ስለ ራሱ መጠለያ ራሱ ይለማመጣል እንዴ? ነውር አይደለም? አንተ አለህ አይደል፤ አንተ ንገርልኝ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። አዎ፣ «እሺ» ብያለሁ።

ስብሰባው ሐሙስ ነበር፣ ቀበሌው አዳራሽ። ሰብሳቢው ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ሒሳብ ላይ ጎበዝ። ገና ስገባ ብድግ ብሎ «መምህር፣ ጽሕፈትዎ ያምራል፤ ቃለ ጉባኤውን እርስዎ ቢይዙልን» አለና ከፊት ጠረጴዛ አስቀመጠኝ። ክብር መሰለኝ። ደስም አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ልጁ የመናኸሪያውን ጥቅም አብራራ፣ በጀቱ እንዴት እንደሚመጣ ተናገረ፣ ከዚያ «አስተያየት ያለው?» አለ። ዝም። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ድንጋዩን የተሸከሙት ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ መሬት መሬት ያያል። እኛ እንዲህ ነን። የተሾመን ሰው፣ ያውም የራሳችንን ልጅ፣ በሕዝብ ፊት እምቢ አንለውም፤ ማዋረድ ነው። ያልተስማማን እንደሆነ ዝም ብለን እንወጣና ሽማግሌ መርጠን ቤቱ እንልካለን፤ ነገሩ የሚነገረው ያኔ ነው። የድንበር ጠብ ሳይቀር በዚህ ነው የምንጨርሰው። እኔም እጄን አላነሳሁም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ፊደል ያስቆጠርኩትን ልጅ በሰው ፊት ላሳፍረው? እሑድ ሄደን እንነግረዋለን አልኩ በልቤ። «ተቃውሞስ ያለው?» አለ። ዝም። ወደ እኔ ዞረና «እንግዲያውስ መምህር፣ ተሰብሳቢው ተቃውሞ ሳያቀርብ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ብለው ይጻፉልን» አለ። እጄ ቆመ። ልጁ ጎንበስ ብሎ በትሕትና «ተቃውሞ ሰሙ እንዴ መምህር?» አለኝ። አልሰማሁም። ማንም ምንም አላለ፣ ምን ልበል? ጻፍኩት። ስንገባ የፈረምንበትም የስም ዝርዝር ከኋላው ተያያዘ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነን ሄድን፤ የደብሩ አለቃ፣ የዕድራችን ዳኛና እኔ። ልጁ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን፣ የአለቃን መስቀል ተሳለመ፣ ወንበር አቅርቦልን እሱ ቆመ። አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ልማት አመሰገኑ፣ ስለ ጤናው ጠየቁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ነገሩ የገቡት። የጋሽ ደጀኔን ሐሳብ አንድ ሳናስቀር ነገርነው፤ መግቢያውን፣ መውጫውን፣ ጣራውን። ልጁ ሲሰማ ቆይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ይኼማ ግሩም ሐሳብ ነው። ታዲያ ሐሙስ ለምን አልተናገራችሁም አባቶቼ?» አለ። አለቃ ግራ ተጋቡ። «ልጄ፣ ሐሙስማ ስብሰባ ነበር እኮ!» አሉት። ልጁ ግንባሩን ያዘ። ቃለ ጉባኤው ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሄዷል። «አሁን ተሳስተናል ብዬ ብጽፍ፣ ሕዝብ በሙሉ ድምፅ የወሰነውን አንተ ብቻህን ሻርክ ነው የሚሉኝ» አለ። አንዳንዴ እናደድበታለሁ። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ልጅ፣ የእናት አባቱን ዝምታ እንዴት አያውቅም? መልሼ ደግሞ፣ ያልጻፍከው ነገር አይቆጠርልህም እያልኩ በአለንጋ ያስተማርኩት እኔው አይደለሁ? ነገሩ መቆረጡን ለጋሽ ደጀኔ ያረዷቸው አለቃ ናቸው። እኔ መንገድ እየቀየርኩ ስሄድ ሰነበትኩ።

ማፍረሱም በደቦ ሆነ። በወረቀት ላይ ስሙ «የልማት ዘመቻ» ነው፤ ግን ከየቤቱ አንድ ሰው ድጅኖ ይዞ ይውጣ ከተባለ ለእኛ ደቦ ነው፣ ደቦ የተጠራ ሰው ደግሞ አይቀርም። ቢቀር ነገ ቤቱ ሲቃጠል፣ ሬሳ ሲወድቅበት ማን ይደርስለታል? እኔም ወጣሁ። ጋሽ ደጀኔ በማለዳ አልጋቸውንና ሳጥናቸውን አውጥተው አፈሩ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብሎ ያያቸው የለም። ጎረምሶቹ ከታች ጀመሩ። ድጅኖው አልገባ አላቸው፤ በትልቅ መዶሻ ቢያሳርፉበት አንዱ ጥርብ ድንጋይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ያኔ «ቁሙ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ሽማግሌው ተነስተዋል። ሁላችንም ቀጥ አልን። ሊረግሙን ነው አልኩ በልቤ፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬም ማተቡን ጨበጠ። እሳቸው ግን በትራቸውን ተደግፈው ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡና ላይኛው ጥግ ላይ ቆሙ። «እንዲህ አይፈርስም። ትሰባብሩታላችሁ፣ ከዚያ ለማንም አይሆንም» አሉ። ጎንበስ ብለው አንዱን ድንጋይ በእጃቸው ዳበሱት። «ማሰሪያው ይኼ ነው። ከዚህ ጀምሩ።» አነሱት። እውነትም ሌላው ሁሉ ተከተለ። ቀኑን ሙሉ ቆመው አስፈረሱት፤ ይኼን በዚህ፣ ያንን በዚያ፣ ቀስ፣ ጣትህን፣ አትወርውረው። እኔ ድንጋይ ስቀባበል አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። «መምህር፣ ወገብህን» አሉኝ ብቻ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስድስቱም እርከን በየመጠኑ ተከምሮ አለቀ፤ የተሰበረው ያ የመጀመሪያው ብቻ ነው። መናኸሪያው እስከ ዛሬ አልተሠራም። በጀቱ መጣ ሲሉ ቀረ፣ ሌላ ቦታ ተመረጠ አሉ፣ ልጁም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። አለቃም አረፉ። እኔም ጡረታ ስወጣ፣ ልጃችን ወዳለችበት ወደ ደብረ ብርሃን መጣን።

ጋሽ ደጀኔን ያን ዕለት ወደ ቤቴ ይዣቸው ሄድኩ። ምን ሌላ ማድረግ እችላለሁ? አልጋቸውን ከሳሎኑ ቀጥላ ባለችው ክፍል ዘረጋንላቸው። እህል ግን አልቀምስም አሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። «አላሰኘኝም» ይላሉ እንጂ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። አስካለ ትለምናለች፣ እኔ ክፍሏ ገብቼ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ደጅ ደጁን እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው የገብስ ገንፎ ሲበሉ አገኘኋቸው። ተመስገን አልኩ። አስካለን በዓይኔ «ምን ብለሽ ነው?» ብላት ፊቷን አዞረችብኝ። ጋሽ ደጀኔ ማንኪያውን አስቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አስካለ ነገረችኝ» አሉ። «ያ ሁሉ ሰው ዝም ሲል አንተ ብቻህን ተነስተህ፣ ከሰብሳቢው ጋር እስክትጣላ ተሟግተህልኛል። እኔ ሞኙ በልቤ ተቀይሜህ ነበር። እህልህን ያልቀመስኩት ለዚያ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ገንፎው ገና እኩሌታ ላይ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያልበላ ሽማግሌ ነው። አስካለ በሩ ላይ ቆማ «ተው» በሚል ራሷን በቀስታ ትነቀንቃለች። አፌን ዘጋሁ።

እሳቸው እጄን እንደ ያዙ ቀና አሉና «እግዚአብሔር አንደበትህን አይዝጋው፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ።

«አሜን» አልኩ።